ሙቀትን የሚችሉ ቅይጥ ብረቶች
ከአዳሚ ቱሉ የምጣድ ሽቦ እስከ አሉቶ የእንፋሎት ጉድጓድ

ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባቱ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ዝቅ ብላ የምትገኘው አዳሚ ቱሉ፣ ስሟ በኦሮምኛ የቁልቋል ኮረብታ ማለት ነው። በዚህች ከተማ ስም የሚጠራው የፀረ ተባይ መድኃኒት ማዘጋጃ ፋብሪካ በነጋዴዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ገበሬ የተባይ መድኃኒት ሲገዛ በዕቃው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ይጠይቃል። ገዳዩ ንጥረ ነገር ከመቶ ስንት እጅ እንደ ሆነ ያልተጻፈበትን ጠርሙስ አስተዋይ ሰው አይቀበልም፤ አስተዋይ ነጋዴም አይሸጥም።

ነገር ግን ያው ሰው በዚያው ቀን ለቤቱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦ ለመግዛት ወደ ሱቅ ቢገባ፣ ብዙ ጊዜ ምንም ያልተጻፈበት ጥቅልል ሽቦ ይቀርብለታል። ሽቦው የሚመዘነው በክብደቱ ነው፤ የሚመረጠውም በማንጸባረቁ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ሽቦው ሲበጠስ ጥፋቱ በምጣድ ሠሪው ወይም በኤሌክትሪኩ ላይ ይጣላል። ይሁን እንጂ ሽቦውም እንደ መድኃኒቱ ልዩ ልዩ ነገሮች በልክ የተቀየጡበት ዕቃ ነው። መድኃኒቱ ያለ ልኩ ተባዩን እንደማይገድል ሁሉ፣ ቅይጡም ያለ ልኩ እሳትን አይችልም።

ሙቀትን የሚችሉ ቅይጥ ብረቶች ጉዳይ ለመሐንዲስ ብቻ የተተወ አይደለም። ከምጣድ ሽቦ ጀምሮ የዳቦ ምድጃ፣ የፍል ውኃ ቧንቧ፣ የፋብሪካ ማፍያና የእንፋሎት ጉድጓድ ሁሉ በእነዚህ ብረቶች ላይ የቆሙ ናቸው። ዕቃውን ከውጭ የሚያስመጣውና በሱቅ የሚሸጠው ነጋዴ የቅይጡን ልክ ማወቅ፣ ባያውቅ እንኳ ማስመርመር ይገባዋል።

ብረት ሙቀትን የሚችለው እንዴት ነው?

ተራ ብረት በእሳት ውስጥ ሲቆይ ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ይዋሐድና ቅርፊት ያወጣል። ይህ ቅርፊት የተሰነጣጠቀና ልል ስለሆነ ይረግፋል፤ ከሥሩ ያለው አዲስ ብረት ደግሞ በተራው ይቃጠላል። ከ550 የሴንቲግሬድ ዲግሪ ገደማ በላይ ይህ ጥፋት በጣም ይፈጥናል። የከሰል ምድጃ ፍርግርግ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሳሳ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

ክሮሚየም የተባለው ማዕድን በበቂ መጠን ሲቀየጥበት ግን ነገሩ ይለወጣል። ክሮሚየሙ ከኦክሲጅን ጋር ሲገናኝ በብረቱ ገጽ ላይ እጅግ ስስ የሆነ፣ ነገር ግን ጥብቅና የማይረግፍ ሽፋን ያበጃል። ብረቱ ቢጫር እንኳ ሽፋኑ በራሱ ይተካል። አሉሚኒየምም እንዲሁ ሽፋን ያበጃል፤ የእርሱ ሽፋን ከክሮሚየሙ የበለጠ ሙቀት ይችላል። ኒኬል ደግሞ ዋና ሥራው ብረቱ በቀይ ፍም ሙቀት ውስጥ ጥንካሬውንና መተጣጠፉን እንዲጠብቅ ማድረግ ነው።

ሙቀትን መቻል ማለት ግን አለመቅለጥ ብቻ አይደለም። ብረት ከመቅለጫው ብዙ ዝቅ ባለ ሙቀት ላይ እንኳ ሸክም ተሸክሞ ለረጅም ጊዜ ቢቆይ ቀስ በቀስ እየተለጠጠ ይሄዳል። ደግሞም ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲበርድ ያጥራል። ሽፋኑና ብረቱ እኩል ስለማይኮማተሩ፣ ሳያቋርጥ ከሚነድ ምድጃ ይልቅ በየጊዜው የሚለኮስና የሚጠፋ ምድጃ ብረቱን ፈጥኖ ሊጐዳው ይችላል።

የእነዚህ ቅይጦች ታሪክ ከመቶ ዓመት ብዙም አይበልጥም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1906 ዓ.ም. አልበርት ማርሽ የተባለ አሜሪካዊ የኒኬልና የክሮሚየምን ቅይጥ ለኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሽቦ የሚያውልበትን የፈጠራ መብት አገኘ፤ ይህም ናይክሮም የሚባለው ነው። በ1913 ዓ.ም. ሃሪ ብሪርሊ በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ የጠመንጃ አፈሙዝ መበላትን ለመከላከል ሲመራመር፣ ከመቶ 13 እጅ የሚጠጋ ክሮሚየም ያለበት የማይዝግ ብረት አገኘ። በ1920ዎቹም ስዊድናዊው ሃንስ ፎን ካንትሶቭ የብረት፣ የክሮሚየምና የአሉሚኒየም ቅይጥ ሠራ፤ ይኸውም እስከ ዛሬ ካንታል በሚል የንግድ ስም ይታወቃል።

የምጣድ ሽቦ ሁለት ዓይነት ነው

በኢትዮጵያ ከተሞች እጅግ የተለመደው ሙቀትን የሚችል ቅይጥ በእንጀራ ምጣድ ሸክላ ሥር በተቦረቦረው ቦይ ውስጥ የሚተኛው ሽቦ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ሽቦው በቀይ ፍም መልክ እየጋለ፣ በየጋገራው እየሞቀና እየበረደ፣ ከሸክላ ጋር ተጣብቆ ይኖራል። ፈተናው ቀላል አይደለም።

በገበያ የሚገኘው ደኅና ሽቦ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ናይክሮም ሲሆን፣ ምርጡ ከመቶ 80 እጅ ኒኬልና 20 እጅ ክሮሚየም ነው፤ እስከ 1200 ዲግሪ ገደማ ይሠራል። ሁለተኛው ከመቶ 22 እጅ ገደማ ክሮሚየምና 5 እጅ ገደማ አሉሚኒየም ያለበት ብረት ነው፤ እስከ 1300 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይችላል። ሁለቱ በዓይን ሲታዩ ለመለየት ያስቸግራሉ፤ በባሕርይ ግን በጣም ይለያያሉ።

ናይክሮም ማግኔት አይስበውም፤ የአሉሚኒየሙን ቅይጥ ግን ማግኔት ይስበዋል። ናይክሮም ብዙ ከሠራ በኋላም ሊታጠፍና ሊሳብ ይችላል። የአሉሚኒየሙ ቅይጥ ግን አንድ ጊዜ በኃይል ከጋለ በኋላ ሲበርድ ተሰባሪ ይሆናል፤ ስለዚህ አሮጌውን ሽቦ በቀዝቃዛው ጐትቶ ማቃናት መስበር ነው። ክብደታቸውም አይተካከልም። አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ናይክሮም 8.4 ግራም ሲመዝን፣ የሌላው 7.2 ግራም ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ውፍረታቸው እኩል ከሆነ፣ በአንድ ኪሎ ከናይክሮም ይልቅ የአሉሚኒየሙ ቅይጥ ከመቶ 16 እጅ ያህል የሚረዝም ሽቦ ያስገኛል። የኪሎውን ዋጋ ብቻ አይቶ ርካሹን ከውዱ መለየት የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

በጉምሩክም ቢሆን ሁለቱ አንድ አይደሉም። በዓለም አቀፉ የታሪፍ አከፋፈል ካርቦኑ ከመቶ 1.2 እጅ ያልበለጠ፣ ክሮሚየሙም ከ10.5 እጅ ያላነሰ የብረት ቅይጥ የማይዝግ ብረት ተብሎ በምዕራፍ 72 ይመደባል፤ ኒኬል የበዛበት ቅይጥ ደግሞ በምዕራፍ 75 ይመደባል። ተራ ጥቅል ሽቦ የሚያስመጣ ነጋዴ የቅይጡን ልክ ሳያውቅ ዲክላራሲዮን ቢያስሞላ፣ ያለ ተንኰል የሠራው ስሕተት እንኳ ለክርክርና ለመዘግየት ይዳርገዋል።

ሸማቹን በብዛት የሚጐዳው ደግሞ ቀላል የሚመስል ልማድ ነው። ሽቦ ሲበጠስ የተቃጠለውን ጫፍ ቈርጦ የቀረውን መልሶ ማያያዝ የተለመደ ነው። በ220 ቮልት 3500 ዋት የሚስብ ሽቦ 14 ኦም ገደማ መቋቋሚያ አለው። ከርዝመቱ አንድ አሥረኛው ቢቀነስ ምጣዱ ወደ 3900 ዋት ገደማ ይስባል። ሙቀቱ ባጠረ ሽቦ ላይ ስለሚያርፍ፣ በእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚወድቀው ጭነት ወደ ሩብ በሚጠጋ ይጨምራል። ስለዚህ የታደሰው ሽቦ ከፊተኛው ይልቅ ቶሎ ይበጠሳል። ለደንበኛው ይህን የሚያስረዳና በልኩ የተዘጋጀ አዲስ ሽቦ የሚሸጥ ባለሱቅ፣ ደንበኛው ተመልሶ ሲመጣ የሚሰማው ወቀሳ ሳይሆን ምስጋና ነው።

ማንጸባረቅ ምስክር አይደለም

በአዲስ አበባ መርካቶም ሆነ በአዳማ የብረታ ብረት ሱቆች ስቴንለስ ተብሎ የሚሸጠው ዕቃ ብዙ ዓይነት ነው። ከእነዚህ በንግድ ውስጥ በብዛት የሚገኙት የሚከተሉት ናቸው፤ ልካቸው ከመቶ ነው።

ቁጥር 304፤ ክሮሚየም ከ18 እስከ 20፣ ኒኬል ከ8 እስከ 10.5፣ ማንጋኒዝ ከ2 የማይበልጥ።
ቁጥር 316፤ ከ304 ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ሞሊብዲነም ከ2 እስከ 3 የተጨመረበት፤ ጨው ላለበት ውኃ የተሻለ።
ቁጥር 310፤ ክሮሚየም ከ24 እስከ 26፣ ኒኬል ከ19 እስከ 22፤ ለምድጃ የሚሆን።
ቁጥር 430፤ ክሮሚየም ከ16 እስከ 18፣ ኒኬል የሌለው ያህል የሆነ።
ቁጥር 201፤ ክሮሚየም ከ16 እስከ 18፣ ኒኬል ከ3.5 እስከ 5.5፣ ማንጋኒዝ ከ5.5 እስከ 7.5።

በየጊዜው በሚሞቅና በሚበርድ ምድጃ ውስጥ ቁጥር 304 እስከ 870 ዲግሪ ገደማ ሲያገለግል፣ ቁጥር 310 እስከ 1035 ዲግሪ ገደማ ያገለግላል። ሁለቱም እኩል ያንጸባርቃሉ። ስለዚህ በ304 የተሠራ የምድጃ ዕቃ 1000 ዲግሪ ላይ ቢቀመጥ፣ የማይዝግ ተብሎ መሸጡ አያድነውም።

ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያሳስተው ቁጥር 201 ነው። ይህ ብረት በራሱ ክፉ ዕቃ አይደለም፤ ለማይከብድ ሥራ የተሠራ ነው። ጥፋቱ በ304 ስምና ዋጋ ሲሸጥ ነው። ብዙ ነጋዴዎች ማግኔት ካልሳበው ደኅና ስቴንለስ ነው ብለው ያምናሉ። ማግኔት 430ን ከ304 ሊለይ ይችላል፤ 201ን ግን ከ304 አይለይም፤ ሁለቱንም ማግኔት አይስባቸውምና። እንዲያውም እውነተኛው 304 ሳይሞቅ በመታጠፍና በመቀጥቀጥ ሲሠራ ማግኔት በጥቂቱ ሊስበው ይችላል። እንግዲህ በማግኔት ብቻ የሚፈርድ ገዢ እውነተኛውን ጥሎ አስመሳዩን ሊያነሣ ይችላል።

የዚህ ሁሉ ምክንያት የኒኬል ዋጋ ነው። በመጋቢት 8 ቀን 2022 ዓ.ም. በለንደን የብረታ ብረት ገበያ የአንድ ቶን ኒኬል ዋጋ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከ100 ሺሕ ዶላር በላይ ወጥቶ፣ ገበያው ንግዱን አቋርጦ የዕለቱን ውል እስከ መሰረዝ ደርሷል። ዋጋው እንዲህ የሚዋዥቅ ማዕድን ባለበት ዕቃ ላይ ኒኬሉን ቀንሶ በማንጋኒዝ የመተካት ፈተና ምን ጊዜም አይጠፋም።

የአሉቶ ትምህርት

ከአዳሚ ቱሉ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል አሉቶ የተባለው የእሳተ ገሞራ ተራራ ይገኛል። ከ1981 እስከ 1986 ዓ.ም. ድረስ በዚህ ስፍራ ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቈፈሩ። ጥልቀታቸው እስከ 2500 ሜትር ገደማ የደረሰ ሲሆን፣ ከፍተኛው ሙቀት ወደ 350 ዲግሪ የሚጠጋ ሆኖ ተገኝቷል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል ማመንጫ በዚያ ተተከለ፤ ኃይሉም 7 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር። ማመንጫው በመሣሪያና በአሠራር ችግር ለዓመታት ቆሞ፣ በ2007 ዓ.ም. ከጥገና በኋላ በከፊል እንደገና ተነሣ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜም ሁለት ተጨማሪ ጉድጓዶች ተቈፍረዋል።

350 ዲግሪ ከምድጃ እሳት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከምድር የሚወጣው ፍል ውኃና እንፋሎት ብቻውን አይመጣም። በዚህ ዓይነት መስክ የካርቦን ጋዝ፣ የበሰበሰ ዕንቍላል ሽታ ያለው የድኝ ጋዝ፣ ጨውና ከድንጋይ የሟሟ ሲሊካ አብረው ይወጣሉ። ስለዚህ ብረቱ የሚፈተነው በሙቀት ብቻ ሳይሆን በሙቀትና በኬሚካል አንድ ላይ ነው።

በዓለም ላይ ባሉ እንዲህ ባሉ ጉድጓዶች የታየው ነገር ነጋዴን የሚያስደንቅ ነው። ለጉድጓዱ ሽፋን ቧንቧ የሚመረጠው እጅግ የጠነከረው ብረት አይደለም። የድኝ ጋዝ ያለበት ስፍራ ከመጠን በላይ የጠነከረ ብረት ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ይመረጣል። እንዲሁም 304ና 316 ፍል የሆነ ጨዋማ ውኃና አየር ባለበት፣ ብረቱም ተወጥሮ በተያዘበት ስፍራ ምንም ሳይዝጉ በድንገት ሊሰነጠቁ ይችላሉ። ኒኬል የበዛበት ቅይጥ ደግሞ በከፍተኛ ሙቀት ላይ ድኝ ሲያገኘው ይበላል።

መርዘምም አለ። 1000 ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ቧንቧ በ200 ዲግሪ ቢሞቅ 2.4 ሜትር ያህል ሊረዝም ይፈልጋል። ቧንቧው ግን በሲሚንቶ ከምድር ጋር ስለሚያያዝ መርዘም አይችልም። ያ ኃይል ሁሉ በብረቱ ውስጥ ታምቆ ይቀራል። የቧንቧው ቅይጥና አሠራር ይህን ጫና አስቀድሞ ያልቈጠረ ከሆነ ቧንቧው ይጣመማል ወይም ከመገጣጠሚያው ይላቀቃል።

ይህ ትምህርት ለትልቁ ማመንጫ ብቻ አይደለም። በሶደሬና በላንጋኖ አካባቢ ለሚሠሩ ሆቴሎች፣ የስምጥ ሸለቆን ውኃ በፓምፕ ለሚስቡ አትክልተኞችና ለፋብሪካ ማፍያዎች ቧንቧና ማሞቂያ የሚያቀርበው ነጋዴ ሁሉ ይመለከተዋል። እንደ ሻላና አብያታ ያሉት ሐይቆች ሶዳ የበዛባቸው ናቸው፤ የዝዋይ ውኃ ግን ጣፋጭ ነው። በአንድ ወረዳ ውስጥ እንኳ ውኃው እንዲህ ሲለያይ፣ ለሁሉም የሚሆን አንድ ብረት የለም። ስለዚህ የብረቱ ምርመራ ብቻ አይበቃም፤ ብረቱ የሚያገኘው ውኃም መመርመር አለበት።

ኬሚካላዊው ምርመራ እንዴት ይፈጸማል?

በጥንቱ ዘዴ ከብረቱ ጥቂት ፍቅፋቂ ተወስዶ በአሲድ ይሟሟል። ሩሲያዊው ኬሚስት ቹጋዬቭ በ1905 ዓ.ም. ያገኘው ዲሜቲልግላዮክሲም የተባለ ንጥረ ነገር ሲጨመርበት ኒኬሉ እንደ ደም የቀላ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል፤ ተጣርቶና ደርቆ ሲመዘን የኒኬሉ ልክ ይታወቃል። ማንጋኒዝ ወደ ሐምራዊ ቀለም ተለውጦ በቀለሙ ድምቀት ይለካል። ካርቦን ግን በኦክሲጅን ተቃጥሎ ከሚወጣው ጋዝ ይሰላል። ይህ ዘዴ ሰዓታት ይፈጃል፤ ነገር ግን በጠንቃቃ እጅ ሲሠራ እስከ ዛሬ የሚታመን ነው።

በዛሬው ጊዜ ሁለት መሣሪያዎች በብዛት ይሠራሉ። አንደኛው በብረቱ ገጽ ላይ የኤሌክትሪክ ብልጭታ አስነሥቶ የሚወጣውን ብርሃን የሚተነትን ነው፤ ካርቦኑን ጭምር በአንድ ደቂቃ ገደማ ይለካል። ሁለተኛው በእጅ የሚያዝ የኤክስ ሬይ መሣሪያ ነው፤ በጥቂት ሴኮንዶች ክሮሚየሙን፣ ኒኬሉን፣ ማንጋኒዙንና ሞሊብዲነሙን ያሳያል። 201ን ከ304 ለመለየት ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ነገር ግን በእጅ የሚያዘው የኤክስ ሬይ መሣሪያ ካርቦንን አያይም። ካርቦኑ ጥቂት መሆኑ ለሚበየድ ዕቃ አስፈላጊ ነው። ካርቦን የበዛበት 304 ከ425 እስከ 860 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ሲቆይ ካርቦኑ ክሮሚየሙን ይሻማና ከብየዳው አጠገብ ዝገት ይጀምራል። በአንጻሩ በከፍተኛ ሙቀት ሸክም ለሚሸከም ቧንቧ ከመቶ 0.04 እጅ ያላነሰ ካርቦን ይፈለጋል። ስለዚህ ምን እንደሚመረመር አስቀድሞ ያልጠየቀ ገዢ፣ ምርመራ አስደርጎም ሊሳሳት ይችላል።

ርካሽና ፈጣን ዘዴም አለ። ጥቂት ጠብታ ኬሚካልና አነስተኛ ባትሪ ያለበት የመፈተኛ ዕቃ በብረቱ ላይ ሲደረግ፣ ማንጋኒዝ የበዛበት ብረት ወደ ቀይ የሚያደላ ቀለም ያሳያል። ይህ ልክ አይናገርም፤ ጥርጣሬን ግን ያስነሣል። ጥርጣሬ ከተነሣ በኋላ ፍርዱ የላቦራቶሪ ነው። በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት ይህን የመሰለ ምርመራ ለማድረግ የተቋቋመ ሲሆን፣ በአዳማም የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው የቁሳቁስ ሳይንስና ምሕንድስና ትምህርት ክፍል አለው።

ለአስመጪውና ለላኪው

አስመጪው ትእዛዝ ሲሰጥ ስቴንለስ ወይም የምጣድ ሽቦ ብሎ ብቻ መጻፍ አይገባውም። የቅይጡን ቁጥር፣ የዋና ዋናዎቹን ንጥረ ነገሮች ልክና ዕቃው የሚሠራበትን ሙቀት በውሉ ውስጥ ማስገባት አለበት። ከሻጩም የፋብሪካ የምርመራ ምስክር ወረቀት መጠየቅ ይገባዋል። በኤውሮፓ ደረጃ ቁጥር 10204 መሠረት እንዲህ ያለው ወረቀት ልዩ ልዩ ዓይነት አለው። ዓይነት 2.1 ዕቃው ከትእዛዙ ጋር ይስማማል የሚል ቃል ብቻ ነው፤ ዓይነት 3.1 ግን የተላከው ዕቃ ራሱ ተመርምሮ የተገኘውን ውጤት ይናገራል። በወረቀቱ ላይ ያለው የቅልጥ ቁጥር በዕቃው ላይ ከተመታው ቁጥር ጋር መመሳሰሉን ማየት ደግሞ የአስመጪው ሥራ ነው። ቁጥሩ ካልተመሳሰለ ወረቀቱ የሌላ ዕቃ ወረቀት ነው።

ላኪውም ከዚህ ነገር ውጭ አይደለም። በጉጂ የሚገኘው የቀንጢቻ ታንታለም ለጄት ሞተር በሚሆኑ ከፍተኛ ሙቀት በሚችሉ የኒኬል ቅይጦች ውስጥ ከሚገቡት ማዕድናት አንዱ ነው። በወለጋ ዩብዶ ሲወጣ የኖረው ፕላቲኒየም ደግሞ የምድጃን ሙቀት ለሚለኩ ሽቦዎች ያገለግላል። የታንታለም ማዕድን ዋጋ የሚተመነው በጆንያው ክብደት ሳይሆን፣ በውስጡ ባለው የታንታለም ኦክሳይድ ልክ ነው። የራሱ ምርመራ የሌለው ላኪ ገዢው በሰጠው ቁጥር ይሸጣል።

በመጨረሻም ነገሩ ወደ አዳሚ ቱሉ ሱቅ ይመለሳል። ባለሱቁ ላቦራቶሪ እንዲያቋቁም ማንም አይጠብቅበትም። ሁለቱን የሽቦ ዓይነቶች በየሳጥናቸው ለይቶ ማስቀመጥ፣ ስማቸውንና ውፍረታቸውን በወረቀት ጽፎ መለጠፍ፣ ከአከፋፋዩም ያንኑ መጠየቅ ግን ይችላል። አከፋፋዩ ከአስመጪው፣ አስመጪውም ከፋብሪካው ይጠይቃል። እንዲህ ሲሆን በመድኃኒቱ ጠርሙስ ላይ ያለው ዓይነት ጽሑፍ በሽቦውም ላይ ይገኛል፤ እንጀራ የምትጋግረውም እናት በገንዘቧ የገዛችው ምን እንደ ሆነ ታውቃለች።